ወንበር ሲነሳ ወረፋ ያጥራል ላሉን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ታካሚዎችዎ፣ መቆም እስከቻልን ድረስ፣ ደህና ነን። ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎን አይንካው፣ የተቀመጡበትም ይመችዎ።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ መጻፌ በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ስላስለጠፉልን ማስታወቂያ ላመሰግንዎ ነው። ወንበር ካለ ሰው ስለሚከማች፣ የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች በሙሉ የተነሱት ወረፋ እንዲያጥር መሆኑን፣ ነገሩም «ኢ-ግምታዊ» በመሆኑ ለተራው ሰው ቶሎ እንደማይገባው ገልጸውልናል። ተራው ሰው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቋንቋ ሳስተምር ኖሬ፣ በስተርጅና ቃል የሚያስተምረኝ አለቃ ማግኘቴ ተመስገን ነው! እንግዲህ በትሕትና፦

፩ኛ. ኢ-ግምታዊ የሚባለው ሲሰሙት ስህተት የሚመስል፣ ሲሞክሩት ግን እውነት ሆኖ የሚገኝ ነገር ነው። የእርስዎው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ መተኛትን ሳይሆን መራመድን ሲያዝላት፣ ልጁ አብዷል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ወር ያለ ከዘራ እስከ በር ሸኘችኝ። ቃሉ ለእንዲህ ያለው ነው።

፪ኛ. ወንበሩ ከተነሳ ወዲህ ወረፋው ያው ነው፤ ያጠረው የእኛ ዕድሜ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እናቴ ሦስት ሰዓት ቆማ ቆማ፣ ግድግዳውን ታክካ ቁልቁል ተንሸራተተች። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ፣ እማማ ይነሱ፣ መሬት መቀመጥ ክልክል ነው፣ እኔም ታዝዤ ነው አላት።

፫ኛ. ከዘራዋን መልሳ ይዛለች። ያዳነኝ ቤት መልሶ ሰበረኝ፣ ሁለተኛ አልረግጠውም ብላ ምላለች፤ እሷ ከማለች ደግሞ ፈንቅሎ የሚያነሳት የለም። ሕክምናውን ካቋረጠች አልጋ ላይ እንደምትቀር ባለሙያው ነግሮኛል። ተናድጃለሁ ጌታዬ፤ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ተናድጃለሁ።

፬ኛ. አእምሮ አልቀበልም ያለው ሁሉ ኢ-ግምታዊ ከተባለ፣ ጣሪያ ማፍረስም ከዝናብ ያድናል ማለት ነው። ለዚህኛው ነገር አማርኛችን ቃል አላጣም፤ ጥፋት ይባላል። አጭር ስለሆነ ማስታወቂያዎ ላይ ቦታ አይፈጅም።

ስላስተማሩን፣ ስላቆሙን፣ ቆመንም እንድናስብ ስላደረጉን ውለታዎን ቆጥረን አንጨርሰውም።

አክባሪዎ፣
ጡረተኛው መምህር፣ የአንዲት ግትር እናት የበኩር ልጅ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በእጄ ላደርስልዎ ቢሮዎ ገብቼ ነበር። ዘጠኝ ወንበር ቆጠርሁ፤ የተከማቸ ሰው ግን አላየሁም፤ እርስዎ እንኳ አልነበሩም። የፊታችን ማክሰኞ እናቴን አዝዬም ቢሆን አመጣታለሁ፤ ከዘጠኙ በአንዱ ላይ ትቀመጣለች። ትነሳ ካሉ ራስዎ መጥተው ያስነሷት፤ ጥበቃውን አይላኩ።