«ከአባቷ ወገን ነው» ያልሽው

ዱራሜ
ኅዳር 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ብርዱ መልሶ ቀሰቀሰው? ላሚቱስ ወለደች? በጓሮ ያለው እንሰትስ ከበሽታው ተረፈ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አስተምራለሁ። ኢድን ከእናንተ ጋር ስላላሳለፍኩ እንዳዘንሽ ሰምቻለሁ። መምጣት እችል ነበር። አልመጣሁም። ለምን እንዳልመጣሁ ከታች ታገኚዋለሽ።

ሳሊሃ፣ እህቴ፣ ይህን ለእናታችን የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ከአንቺ ሌላ በዚያ ቤት ማንበብ የሚችል የለም። አደራሽን፣ ወደ ሀዲይኛ ስትመልሺው እንዳታለዝቢው። ቁጣ ከሆነ ቁጣውን እንዳለ ንገሪያት። «እሱን ዝለይው» ብትልሽ አትዝለይ። ከብዶሽ የምታቆሚበት ቦታ ይኖራል። ውሃ ጠጪና ቀጥዪ።

እናቴ፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ጠና የላክሽልኝን ቡላ እሁድ ዕለት አምጥቶልኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጠ በመስኮት ሰጠኝና አልሄድ አለ። መሪውን እየነካካ፣ «እህትሽ ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች። ሰው ሲመጣ አፏን በሻርፕ ትይዛለች። እናትሽን ብጠይቃት ጥርሷን አሟት ነው አለችኝ። ጥርስ አንድ ወር ሙሉ ያማል እንዴ የኔ ልጅ?» አለኝ። ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ደግሞ እኔን ሳያይ፣ «ሐሙስ ከጃጁራ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችሁ ነበሩ። እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ልጅቷ ገና አሥራ አራት ዓመቷ መስሎኝ ነበር» ብሎኝ ሄደ።

ሳሊሃ፣ ይህን እስከ ዛሬ ካልነገሩሽ፣ በራስሽ አፍ ለራስሽ እንድታነቢው ስላደረግኩሽ ይቅር በይኝ። ሌላ መንገድ የለኝም።

ጥርስ አይደለም እናቴ። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል ነገር ወጥቷል። ሳይሰፋ ልትድሪያት ነው።

ስለ እኔ ላስታውስሽ። የእኔ በግራ እጄ ጠቋሚ ጣት ላይ ሲጀምር አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከገበያ ሲመለስ ጣቴን ይዞ ወደ መስኮቱ አስጠጋኝ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ሳቀና ጣቴን ሳመው። «ይህን አውቀዋለሁ። አይገድልም። እኔ እንዲያውም ወድጄው ኖሬያለሁ» አለኝ። የት ነው የምታውቀው ብዬ ጠየቅኩት። አንቺን አየ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ካልሲሽን ወደ ላይ ሳብሽ።

በዓመቱ ሞተ። እሱ ከሞተ በኋላ ጣቴን የሳመ ሰው የለም። ለጃጁራው መድኃኒተኛ ሰጠሽኝ፤ የቅጠል ጭማቂ ቀባኝና እጄ እስከ አጥንት የነደደ መሰለኝ። ቁስሉ ሲድን የቆሰለው ሁሉ ነጭ ሆኖ ዳነ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ ሂና ሆነ። መዳፌን፣ ጣቶቼን፣ አንጓዬን። «ሴት ልጅ ሂና ታምርባታለች» ትይኝ ነበር። እንሰት ሲፋቅ የሰፈሩ ሴቶች ሲሰበሰቡ ሂናው ደብዝዞ ከሆነ፣ ቡላ ለመጭመቅ እጄን ስዘረጋ፣ «አንቺ ተይው፣ ደክሞሻል» ይሉኝ ነበር። አልደከመኝም ነበር። እነሱም ያውቁ ነበር።

ፉአድ ለትዳር ሲጠይቀኝ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ባጠባሁሽ ጡት ብለሽ ያዝሽኝ። ዝም አልኩ። ስለዚህ እኔም ዋሽቻለሁ፤ ይህን በአንቺ ላይ አልጭንም።

የእሱ ወገን ሴቶች ሊያዩኝ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሂናው እንዲጠቁር ብለሽ ከገበያ ያመጣሽውን የፀጉር ቀለም ቀላቀልሽበት። ያን ጊዜ ያቃጥላል ብዬሽ ነበር። «ጥቂት ቻይው» አልሽኝ። ቻልኩት። በማግስቱ እጄ ፊኛ ፊኛ ሆኖ ተነሳ። ሴቶቹ በመጡ ቀን ፊኛው እንዳይታይ እጄን በነጠላ ጠቅልለሽ ከቡላና ከቅቤ የሠራሽውን አተካና አስያዝሽኝ። ሳህኑ ትኩስ ነበር፤ ቅቤው ጣቴ ላይ ፈሰሰ፤ ነጠላው ወደቀ። የፉአድ አክስት አንጓዬን ይዛ እጄን በሴቶቹ ሁሉ ፊት ገለበጠችው። ቆዳው ከሂናው ጋር አብሮ ተነሥቶ ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» አለችሽ። ትናንት ቅቤ ስታነጥር ተቃጥላ ነው አልሽ። እሷም እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስባ ነጩን እያሳየች፣ «ቅቤው ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው እንዴ የወጣው?» አለች። ሳቁ። አንዷ የጎረሰችውን አተካና ወደ ሳህኑ መለሰችው።

ያኔ ነው ያልሽው። ሳሊሃ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። «ከአባቷ ወገን ነው። በእኔ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልሽ።

መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው ላይ ጣልሽው እናቴ። ሳቁን ችዬዋለሁ። ቃጠሎውን ችዬዋለሁ። ይህን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ልውጠው ሞክሬ አልወረደልኝም። ኢድን ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ቤታችሁ ገብቼ ፊት ለፊት ካልሲሽን እያየሁ መብላት አልቻልኩም።

ፉአድ አንድ ቀን ብቻ መጥቶ ነበር፤ አንቺ ገበያ ሄደሽ ነበርና አታውቂም። ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ለምጹን እችለው ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየሽ መደበቅሽን ግን አልችለውም» አለኝ። እውነቱን ይሁን ሰበቡን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ነው የደበቅነው ነገር የወሰደብኝ። ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንኳ ሳላውቅ ቀረሁ።

ዱራሜ መመደብን የመረጥኩት ማንም ስለማያውቀኝ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በጓንት አስተማርኩ። ብርድ ነው እል ነበር። በመጋቢት ፀሐይ ብርድ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ጓንቱ በዝናብ ራሰና አውልቄው ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ትንሣኤ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አወጣች። «መምህርት፣ ጠመኔው አልለቀቀሽም። ውሃ ላምጣልሽ?» አለች። እምቢ ከማለቴ በፊት ሮጣ በጆግ ውሃ አመጣች። እጄን ይዛ በትናንሽ ጣቶቿ አሸችው። አሸችው፣ አሸችው፤ ቀና ብላ አየችኝና፣ «በቃ እንዲህ ነሽ ማለት ነው» ብላ ጆጉን ይዛ ወደ መቀመጫዋ ሄደች። የሂሳብ ትምህርታችንን ቀጠልን። ጓንቱን ከዚያ ቀን ወዲያ አላደረግኩትም።

ነገሩ እንደ ተረት በደስታ ያለቀ እንዳይመስልሽ። በሳምንቱ ወላጆች አቤቱታ ጻፉ። በሽታው ወደ ልጆቻችን ይጋባል አሉ። ርእሰ መምህሩ አቶ ሰይፈሥላሴ ቢሮው አስጠርቶኝ፣ «ለአንቺው ብዬ ነው እህቴ። ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ግቢ። ጸጥ ያለ ሥራ ነው» አለኝ። ቤተ መጻሕፍት የሚለው በሩ የማይከፈት፣ አይጥ የሚራባበት ክፍል ነው። የሚደብቀኝ ሰው ሁሉ ለእኔው ብሎ እንደሆነ ይነግረኛል። አልገባም አልኩት። ወላጆቹን ሰብስብልኝ አልኩት።

ሰበሰባቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከጎኔ ቆማ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ቁምጥና እንዳልሆነ፣ አብሮ በመብላትም በመጨበጥም እንደማይጋባ በከምባትኛም በአማርኛም አስረዳች። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ አቤቱታውን ወደ ጻፈው ሰውዬ ሄድኩና እጄን ዘረጋሁለት። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። እጄን አላጠፍኩም። ዘርግቼ ቆምኩ፤ እስኪያፍር ሳይሆን እኔ ማፈር እስክተው። ያንን ያህል ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ሦስት ልጆች ከክፍሌ ወሰዱብኝ። ከሦስቱ አንዷ ትንሣኤ ናት። ሃምሳ ስምንት ቀሩልኝ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ የሚሻገሩ አሉ፤ ነክቼ የተውኩትን ሽንኩርት እንደገና የምታጥብ ነጋዴ አለች። ሰላምታ እሰጣታለሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት ከእሷው እገዛለሁ። በርቶልኛል አልልሽም። ግን ከቤት ስወጣ እጄን የት ላድርገው ብዬ ማሰብ ትቻለሁ። አሥር ዓመት ያሰብኩትን ነገር መተው ምን ያህል ቦታ እንደሚለቅ ብታውቂ!

ከደብዳቤው ጋር ፎቶ አለ። ለመምህርነት መታወቂያ የተነሣሁት ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ፊቴም ወጥቷል፤ በቀኝ ዓይኔ ዙሪያና በአገጬ ላይ። ፎቶ አንሺው፣ «ልደልዘው? እኔ ጋ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ ማድያታቸውን ያስደልዛሉ» አለኝ። ተወው፣ ሌላ ሴት ካወጣህ በር ላይ ያለው ዘበኛ አያስገባኝም አልኩት። ሳቀና እንዳለሁ አወጣኝ። ሳሊሃ፣ ፎቶውን መስታወቱ አጠገብ ሰክተሽ ሻርፕሽን አውልቂና ከአጠገቤ ቁሚ።

አሁን የምፈልገውን ልጻፍ እናቴ። ቅዳሜ ጠዋት ሳሊሃን ከደብተሮቿ ጋር በጋሽ ጠና መኪና ላኪልኝ። ሰባተኛ ክፍል ቦታ ይዤላታለሁ። ለጃጁራ ሰዎች ልጄ ተማሪ ናት በያቸው። የፀጉር ቀለም ገዝተሽ ከሆነ ሽንት ቤት ድፊው። ከንፈር እንደ እጅ አይደለም።

ካልመጣች እሁድ እኔ እመጣለሁ። ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ይላል፤ ክሱን ጽፌ በቦርሳዬ ይዤዋለሁ። በገዛ እናቴ ላይ። ሽማግሌዎቹም ባሉበት ሂና የሌለውን እጄን ዘርግቼ መሐላቸው እቀመጣለሁ። ከማን ወገን ነው ብለው ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ የመጨረሻውን ቃል ልሰርዘው አሰብኩ። አልሰረዝኩትም፤ ምን ያህል እንደተናደድኩ እወቂው። ግን አላደርገውም። እከሳለሁ፤ እጮኻለሁ፤ እህቴን ከሙሽራ መኪና ላይም ቢሆን አወርዳለሁ። ያንን ግን ከአፌ አያወጡትም። የእኔን እጅ ሰው እንደገለበጠው የማንንም አልገለብጥም። ሳሊሃ፣ ይህ ምን ማለት ነው ብለሽ አትጠይቂያት። ለመናገር ስትፈልግ እሷው ትነግርሻለች።

እናቴ፣ የምትችዪ ከሆነ አንቺም አብረሽ ነይ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ከሶላት በፊት ለውዱእ ስትታጠቢ በር መዝጋት አያስፈልግሽም። ብርድ ስለሆነ ውሃ አሞቅልሻለሁ። ከፈቀድሽልኝ እግርሽን እኔ አጥብልሻለሁ።

አላህ ወገብሽን ያበርታልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ አባቴን ጀነት ያግባልኝ፤ ለሳሊሃም መንገዷን የቀና ያድርግላት። ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ነኝ፤ ከሩቅ እንድታዩኝ እጄን አነሳለሁ።

ከአባቴም ከአንቺም የተወለድኩ፣
ይበልጥ ግን አንቺን የምመስል፣

ልጅሽ