ሊፍት ውስጥ ስለቀረው የሥራ ዕድል ትንበያ

ለክቡር አቶ ዘርይሁን
የምሥራቅ አፍሪካ የሥራ ዕድል ትንበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዌስትላንድስ፣ ናይሮቢ

ሚያዝያ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ባለፈው ወር የተላጠው ክርንዎ ሙሉ በሙሉ እንዲሽርልዎ ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ኪሊማኒ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት ክብርዎን ለመንካት አይደለም፤ ምክርዎን ሰምተው ሥራ የፈቱት ወገኖቻችን ሁሉ እዚያ ስለሚውሉ ለእያንዳንዳቸው ከመጻፍ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ያቤሎ ላይ የጂኦግራፊ መምህር የነበርሁት እኔ፣ በ1970 ሞያሌን አቋርጬ እዚህ ከገባሁ በኋላ፣ ኢስሊ ጨርቅ የሚሸጠው ከሊፋ «መምህር፣ ነገ ጀምር፤ ሱቁን አብረን እንይዛለን» ቢለኝ፣ በመጀመሪያ እርስዎን ላማክር መጣሁ። እርስዎም ሰማያዊ መጽሐፍዎን ገልጠው፣ የናይሮቢ ሕንፃዎች እየረዘሙ ስለሚሄዱ በአሥር ዓመት ውስጥ የሊፍት ሠራተኞች ቁጥር በሰባ አራት ከመቶ እንደሚያድግ፣ ነጋዴዎችና ልብስ ሰፊዎች ግን እንደሚመናመኑ በጣትዎ አሳዩኝ። «ባንታየሁ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ሥራ ያዝ» አሉኝ። ከሊፋን እንቢ አልሁት። ባለቤቴ መሠረት መጽሐፉን አገላብጣ «ሊፍት ቁልፍ ሲጫኑት ይሄድ የለም እንዴ? ሰውዬው ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የኢኮኖሚ ትምህርት ስለሌላት ይቅር አልኋት።

ሁለተኛ፦ ስላስገቡኝ የዘጠኝ ወር ሥልጠና አመሰግናለሁ። አሥራ ስድስት ሆነን ቀጥ ብሎ መቆምን፣ በሦስት ቋንቋ «ስንተኛ ፎቅ ጌታዬ?» ማለትንና ቁልፍ መጫንን ተማርን። ማሠልጠኛው ሊፍት ስላልነበረው የተለማመድነው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ተመርቀን ስንወጣ በከተማው ውስጥ ያገኘነው የሥራ ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱንም የያዙት ሽማግሌ ጤናቸው እጅግ የተሟላ ነበር። ወደ ከሊፋ ብመለስ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞታል። ያን ቀን፣ ክቡር ሆይ፣ መሳቅ አልቻልሁም፤ ከኢስሊ ሳውዝ ሲ ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ቤት ስደርስ መሠረት ሊመናመን ነው ባሉት ሙያ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ ሦስት ሴቶች ወረፋ ይጠብቋት ነበር።

ሦስተኛ፦ ባለፈው ወር አቤቱታዬን ይዤ ብመጣ፣ ጸሐፊዎን ሠናይትን አራተኛው ፎቅ ላይ የሊፍቱን በር ስትደበድብ አገኘኋት። እርስዎ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ፎቅ መካከል ተቀርቅረው ኖሯል። ድምፄን እንደሰሙ «ባንታየሁ! እግዜር ነው ያመጣህ! አንተ የሊፍት ባለሙያ አይደለህ? አውጣኝ እንጂ!» አሉ። እኔም ከልቤ «ጋሼ፣ የተማርሁት ቁልፍ መጫን ነው፤ እስቲ አራትን ይጫኑት» አልሁ። ተጫኑት፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ዕውቀት «ስንተኛ ፎቅ ጌታዬ?» ማለት ብቻ ስለነበር እሱንም አልሁ። የመለሱልኝን ሠናይት ስለሰማችው እዚህ አልደግመውም።

ያወጣዎ ቶሎሳ ነው። ማታቱ ጠጋኙ ቶሎሳ፤ በመጽሐፍዎ ውስጥ እነዚህ የተሳፋሪ ሚኒባሶች ከናይሮቢ ስለሚጠፉ ሙያው ነገ የለውም ያሉት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ሮጬ ጠራሁት፤ በክሪክና በረጅም ብረት በሩን ፈልቅቆ፣ «ፖሌ ፖሌ ጋሼ፣ ቀስ ብለው፣ እጅዎን ወዲህ» እያለ እንደ ዱቄት ጆንያ ጎትቶ አወጣዎ። እርስዎ ግን ላብዎን እንኳ ሳይጠርጉ እስክሪብቶ አውጥተው «ይህ ሙያ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁት፤ ለዚህ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። በአዲሱ እትም «የሊፍት በር ፈልቃቂ፦ ወደር የሌለው ዕድገት» የሚለውን አነበብሁ። እውነት ነው፤ አምና አንድም አልነበረም፣ ዘንድሮ ቶሎሳ አለ። በሙያው እንዲሠለጥን የላኩለትም ጥሪ ደርሶት «መኪኖቹ ወረፋ ይዘውብኛል» ብሎ መልሶታል።

ያንኑ ቀን ቶሎሳ ለአንድ ባለማታቱ ነገረልኝ፤ ዛሬ የሳውዝ ሲ መስመር ረዳት ነኝ። መጀመሪያ ቀን ከፌርማታው ስም ጋር ከፍታውንም ከባሕር ወለል በላይ ስናገር ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ፤ አሁን ስሙን ብቻ እጠራለሁ። ደስ ብሎኛል። መሠረትም የሥራ ኮቴን ራሷ ሰፍታልኛለች።

ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ፣ ሊፍት ሲገቡ ጎረቤት እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ ለአገልግሎትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ባንታየሁ
በሊፍት ሠራተኝነት በማዕረግ የተመረቀ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠናይት እንደነገረችኝ ጽሕፈት ቤትዎ በሚመጣው ወር ይዘጋል፤ መጽሐፍዎ ግን የትንበያ ባለሙያ እጅግ ተፈላጊ እንደሚሆን ይናገራል። ለማንኛውም ከእኛ ኋላ የሚሄደው ማታቱ ረዳት ይፈልጋል። ከድምፅ በቀር ምንም አይጠይቅም፤ የእርስዎ ደግሞ በብረት በር ውስጥ አልፎ እንደሚሰማ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።