ሚስቴ ሰው መቅጠር ጀመረች

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ለመላው የማቻኮስ ሕዝብ ይታወቅ ዘንድ፦ ከቅዳሜ ጀምሮ የደረሰችበት ያልታወቀው የግራ እግሬ ካልሲ ዛሬ ጠዋት ከዶሮ ቤት በሰላም ተገኝታለች። ቀይዋ ዶሮ እንቁላል ታቅፋባታለች። ምርመራው ቀጥሏል።

ሌላ ይህን ያህል ዜና የለም። አዎ... ንዲንዳ ሥራ ጀመረች። የልጅ ልጄ ናት፤ የሟች ባለቤቴን ስም ስለያዘች በእኛ በካምባዎች ወግ "ሚስቴ" ነው የምላት። ዩኒቨርሲቲው ለእረፍት ሲዘጋ ናይሮቢ ያለ ሠራተኛና አሠሪ አገናኝ ኤጀንሲ ለልምምድ ተቀበላት። በእኛ ጊዜ ይህን ሥራ አጎት ነበር የሚሠራው። በነጻ።

ጫማዋ ሲያብረቀርቅ... የወለወልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ፎቶ ኮፒ ስታነሳ ዋለች።

"ሚስቴ፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?"

"ባሌ፣ አንድም ወረቀት አልተጣመመብኝም።"

ሰኞ፣ ጁላይ 15

ፊቷ ልክ አይደለም። አለቃዋ ማዳም አኪኒ ለብቻዋ የምትሠራው ሥራ ሰጥታት ነበር። ሞምባሳ ላለ ሆቴል ወጥ ቤት የሚገቡ ሴቶች መርጣ እስከ ዓርብ ታቀርባለች። ካልሆነላት ወደ ፎቶ ኮፒው። ለዩኒቨርሲቲውም "የምጽፍልሽ ነገር የለኝም" ብላታለች።

ሴቶቹ ከኪቱይ መጡ፤ የእኛው ሰዎች። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለመንደር ሙሉ የሚያበስሉ። "ምን ትችያለሽ?" ስትላቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። "እንግዲህ... እሞክራለሁ።" ሁሉም! ማዳም አኪኒ የኪሱሙ ሰው ናት፤ እዚያ የሚችል ሰው እችላለሁ ይላል። "እነዚህ በራሳቸው አይተማመኑም" አለች። ሐሙስ አንድ ዕድል ቀርቷቸዋል።

ግን የቱ ካምባ ነው ስለ ራሱ አፉን ሞልቶ የሚያወራው? ሰው ምን ይለዋል?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

ከእራት በኋላ "እንለማመድ" አለችኝ። እኔ ሥራ ፈላጊ፣ እሷ ጠያቂ። መነጽሬን ቀምታ አደረገች።

"ሙያዎ ምንድን ነው፣ አባባ?"

"ባቡር... ነካ ነካ አደርግ ነበር።"

"ዕድሜህን ሙሉ ሞምባሳ ድረስ ነድተህ?"

"መንገዱን የሚያውቀው ባቡሩ ነው።"

"እሺ፣ ጎረቤትህ ኪሎንዞስ?"

ኪሎንዞማ... ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወራሁላት። ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ጎማ ሲሽከረከር ድምፁን ሰምቶ የቱ ጋ እንደተጣመመ ይነግርሃል። እንደሱ ያለ እጅ በዚህ አገር የለም።

ከዚያ እኔ፣ በብልህነቴ፣ እንዲህ አልኳት፦ "ሚስቴ፣ ሴቶቹን ስለ ራሳቸው አትጠይቂ። አንዷን ስለ ሌላዋ ጠይቂ።" አፏን ከፍታ ቀረች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ሁለት ሁለት አድርጋ አስገባቻቸው። "ስለ ጓደኛሽ ንገሪኝ" ስትል... ማን ያስቁማቸው።

"ስለዚህች ስለ ሲዮንቱይ ነው? ሠርግ ላይ ዝናብ እሳቱን አጠፋባት። ጃንጥላ አስይዛ እንደገና አቀጣጠለች፤ አንድ እንግዳ ሳይበላ አልሄደም።"

"ዝም በይ አንቺ። እሷ አይደለችም እንዴ ያረረውን ሩዝ አድና ሙሽራው ሁለቴ ተነስቶ እንዲያስጨምር ያደረገችው?"

ማዳም አኪኒ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ከዚያ "እስቲ ይታይ" ብላ ወጥ ቤት አስገባቻቸው። የበቆሎና የባቄላ ሙቶኮይ ሠሩ። ማዳም ደገመች አሉ። ሆቴሉ ሁሉንም ወሰዳቸው።

ንዲንዳ ይህን ስትነግረኝ ቆማ ነበር። እኔም ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኦገስት 30

የመጨረሻ ቀኗ። ኮቴን ለብሼ ቢሮዋ ሄድኩ። ማዳም አኪኒ ተነስታ ጨበጠችኝ።

"አባባ፣ አሁን ሁላችንም እንደሷ ነው የምንጠይቀው። ስትመረቅ ወንበሯ ይጠብቃታል።" ወደ ንዲንዳ ዞራ "ለመሆኑ ይህን ማን አስተማረሽ?" አለቻት።

የእኔይቱ መሬት መሬቱን አየች። "እንግዲህ... አያቴ ነው።"

ስንመለስ ማታቱ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ስለ ሚስቴ ጎበዝነት እስከ ማቻኮስ ነገርኩት። "ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ። ሃያ አንድ አልኩት። ቦታ ቀየረ።

አሁን እርማት። እዚህ ማስታወሻ ላይ አንድ ነገር ፈጥሬ ጽፌያለሁ። ካልሲዋን አይደለም፤ እሷ እውነት ናት። ጁላይ 16 ሰጠሁ ያልኩትን ምክር ነው። እኔ ያልኳት "ትንሽ እንዲዋሹ አስተምሪያቸው" ነበር። ከዚያ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለ ኪሎንዞ ሳወራ አይታ ነገሩን የደረሰችበት እሷ ናት፣ ብቻዋን።

ራሷ መቼም አትናገረውም። ስለዚህ እኔ ልናገረው።