ቃሬዛው ላይ የሚተኛ ጠፋ

ሰኞ፣ ጥር 20፤ ከራት በፊት

ማንም አላዘለኝም። ወንዙን የተሻገርኩት በገዛ እግሬ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ። መ/ር ጌጡ የያዘልኝ ጫማዬን ብቻ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ይርገዱ ግን ዛሬ ደውላ፣ እትዬ አስካለን እንደ ሕፃን አዝለው አሻገሯት እየተባለ ደብረ ታቦር ሲስቅ ዋለ አለችኝ። የእሷም ድምፅ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። አንቺ ደብተር እንኳ እውነቱን ያዢልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ጀርባ ላይ አልወጣም።

የመጣሁትም ተለምኜ ነው። ት/ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻ ተማሪዎቹን ለሳምንት ጋፋት ሜዳ ላይ በድንኳን ሊያሳድር ሲነሣ፣ ወላጆች ሴት ልጆቻችን ያለ ትልቅ ሰው ውጭ አያድሩም አሉ። ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ባል የሌላት፣ የማትስቅ ተፈለገች። እኔን አገኙ።

ስሙ “የመስክ ሕይወት ሥልጠና” ነው። መስኩ ከከተማው በእግር ይደረሳል። ገሚሱ ልጅ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ የእናቱን ቤት ጭስ ያያል።

አሠልጣኙ ኪሩቤል ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ሱሪው ኪስ በኪስ፤ ኪሶቹ ውስጥ ምን እንዳለ እስካሁን አልታየም። በየዓረፍተ ነገሩ “ቲም ወርክ” ይላል። እኔን “ማዘር” ይለኛል። እናቱ አይደለሁም። ብሆን ኖሮ ፀጉሩን ይቆረጥ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 21፤ ጧት

የሴቶቹን ድንኳን ፈተሽኩ። ውርደት ነው። እኔ ባደግሁበት አዳሪ ት/ቤት ብርድ ልብስ አራት ማዕዘን ሆኖ ካልታጠፈ ቁርስ የለም። እዚህ ብርድ ልብሱ እንደ ታመመ ውሻ ተኮራምቶ ይገኛል። ጥፍራቸውን አልጽፈውም።

የፈንታነሽ ብቻ ታጥፏል። እናቷ ሞታለች፤ ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ከጉና ሥር ካለ ቀበሌ መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። አላመሰገንኳትም። የታጠፈ ብርድ ልብስ ምስጋና አያስፈልገውም። ጌጡ እንደሚለው የስፖርት መምህርት መሆን ነው ምኞቷ። ለመምህራን ኮሌጅ የሚታጩት በዚህ ሥልጠና ነጥብ የሞላላቸው ናቸው። ስለዚህ ትጨነቃለች። ጭንቀቷ ከሌሎቹ መንከርፈፍ ይሻላል።

ያው ዕለት፤ ከሰዓት

የዛሬው ትምህርት አካሄድ ነው። አዎ፣ አካሄድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቃቸውን ሊያመጡ ተራራ ወጥተው የሚወርዱ ልጆች በሰልፍ ቆመው መራመድ ተማሩ። መጀመሪያ ተረከዝ፣ ቀጥሎ ጣት። ሰብለ የምትባለው ተረበኛ፣ እስካሁን በምኔ ስሄድ እንደኖርኩ እንጃ ብላ ሰልፉን በሳቅ በተነችው። ተቆጣሁ። የተቆጣሁት ግን ፊቴን ወደ ባሕር ዛፉ አዙሬ ነው።

ጌጡ ዳር ቆሞ ለሁሉም እሺ ይላል። ተማሪዬ ነበር። ያኔም እሺ ነበር የሚለው።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ጾም። ሽሮው ቀጥኗል። ቀኑም ተበላሽቷል።

ኪሩቤል ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና በጋቢ አሳሰረና ቃሬዛ አሠራ። በሽተኛ ተሸክሞ ወንዝ ማሻገር፤ ትልቁ ፈተና እሱ ነው። በሽተኛ የሚሆነው በዕጣ ነው አለ። ዕጣው ለፈንታነሽ ወጣ።

ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልሸከም እንጂ አልተኛም አለች። ኪሩቤል ቀልድ መስሎት ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። እሺ፣ ሌላ ሰው ይተኛ አለ። ወንዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። በሁሉ ነገር የምትቀልደው ሰብለ እንኳ አልቀለደችም።

እዚህ አገር ያደገ ያውቀዋል። መኪና የማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል። በሽተኛው የሚመለሰው ግን ሁልጊዜ በእግሩ አይደለም። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ለጨዋታ ቃሬዛ ላይ አይጋደምም። ሟርት ነው ይላሉ። እኔ በሟርት አላምንም፤ ተምሬያለሁ። ኪሩቤል ግን አላመነም፣ አላወቀም። ነገሩን ሳይጠይቅ፣ እስከ ዓርብ ጧት ካልተኛች ባዶ እሰጣታለሁ አለ። ጌጡ አጠገቡ ነበር። ሁሉን ያውቃል። እሺ አለ።

እኔው ነገርኩት፣ አገሩ እንዲህ ነው ብዬ። ኋላ ቀርነት ነው አለኝ። ልክ ነው፣ እንግዲያው አንተ ተኛና ይሸከሙህ አልኩት። ቃሬዛውን አየው። አሠልጣኝ መቅረጽ አለበት ብሎ ስልኩን አወጣ። መለስ ብሎ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

“ማዘር፣ እውነት ለመናገር የእኔም እናት ብትሰማ ደስ አይላትም።”

ይኸውልሽ ሥልጣኔ።

ሐሙስ፣ ጥር 23፤ ጧት

ጌጡን አንተ ተኛ ብዬ ሞከርኩት። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት አለኝ። ቃሬዛው ላይ ሚስትህ ትተኛ አላልኩም አልኩት። እሺ አለ፤ ግን አልተኛም።

ያው ዕለት፤ ከምሳ በኋላ

ፈንታነሽን ላዛት ሄድኩ። ያሰብኩት አጭር ነበር፤ እንጨት ነው፣ ጋቢ ነው፣ ተኝተሽ ተነሺ፣ ነጥብሽን ያዢ።

ወንዙ ዳር ሰሃን ታጥባለች። የመጣሁበትን ሳልናገር አወቀችው። እጇን ሳታቆም ነገረችኝ። እናቷን በቃሬዛ ሲያወጧት እሷ ውኃ ይዛ ከኋላ ትከተል ነበር። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ትከሻ ሊቀያየሩ አወረዷት። መልሰው ሲያነሷት ማንም ምንም አልተናገረም። አዙረው ወደ መጡበት ሄዱ እንጂ። መሞቷን ያወቀችው ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ አይታ ነው።

ከዚያ ቀና አለች።

“እትዬ፣ ልሸከም ከተባልኩ አንቱንም እስከ ጉና እሸከማለሁ። መተኛቱን ግን አይዘዙኝ።”

አላዘዝኳትም። የሰሃኑ ጀርባ አልጠራም ብያት ተመለስኩ። ጠርቶ ነበር።

ያው ዕለት፤ ሊመሽ ሲል

ኪሩቤልን አስቀምጬ ጠየቅሁት። የምትመዝነው መሸከሙን ነው ወይስ መተኛቱን? መሸከሙን። በሽተኛው ታዲያ ምን ሠርቶ ነው ነጥብ የሚያገኘው? ሌላ ሰው ከተኛ፣ ፈንታነሽ ከተሸከመች፣ ነጥቧ ይያዛል? ይያዛል፤ ግን ማን ይተኛል ማዘር፣ ሁሉንም ጠይቄያለሁ አለኝ።

ሁሉንም አልጠየቀም። አንድ ሰው ቀርቶታል። አሮጊት በሽተኛ ትመስላለችና መጠየቅ ያሳፍራል መሰለኝ።

ካንቺ ጋር ልመካከር። ወ/ሮ ይርገዱ ነገ ከቀትር በፊት ትሰማለች። ያልኳችሁ አይደል፣ ተሸክመው አሻገሯት ትላለች፤ ሐሰቷ እውነት ይሆንላታል፤ እኔም በሕይወቴ አላስተባብለውም። እሱ ያንገበግበኛል። ሟርቱ አያስጨንቀኝም። እኔ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ብዙ የሚያሳጥረው ነገር አያገኝም። ደግሞም ጀርባ ላይ አልወጣም ነው ያልኩት። ይህ ትከሻ ነው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

እግሬን እታጠባለሁ። ቀሚሴን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በመቀነት አስራለሁ፤ ወንዶች ልጆች አሉ። የቃሬዛውን ቋጠሮ ሁሉ በእጄ እፈትሻለሁ፤ ረቡዕ ዕለት አንዱ ላልቶ አይቼዋለሁ። ለኪሩቤል እነግረዋለሁ እንጂ አላስፈቅደውም፤ ስልኩንም ኪሱ ይክተት፤ ኪስ ሞልቶታል። ጫማዬን ለጌጡ እሰጠዋለሁ፤ መያዙን ለምዶታል። ፈንታነሽን በቀኝ በኩል ከፊት አቆማታለሁ። ከዚያ እጋደማለሁ።

ወንዝ ዳር ትከሻ መቀያየር የለም። ሳያወርዱኝ በቀጥታ ወደ ማዶ። ማዶ ሲያወርዱኝ ማንም እጄን አይያዘኝ፤ እሷ ዞራ እስክታየኝ እጠብቅና ራሴ ተነሥቼ እቆማለሁ።