ሆዳሙ ስክሪን

...ያን ቀን በዝናብ፣ አባትሽ ያንን ከጀርባው ያበጠ ሆዳም የኮምፒውተር ስክሪን በጋቢው ጠቅልሎ ከመናኸሪያ ሲያመጣ፣ አንቺ ከኋላው እየሮጥሽ... ትዝ ብሎኝ ሰላምታ ሳላስቀድም ጀመርኩ። ፌኔት ልጄ፣ ኢንተላ ኮ፣ ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ጨለለቂ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። አክስትሽ ድርቤ ከኡኬ ማር ልካለች።

የላክሽው ቀጭን ስክሪን ተተክሏል። ቅዳሜ ስትደውዪ በእሱ አየሁሽ። በአሮጌው በሆዳሙ ፊትሽ ክብና ደብዛዛ ነበር፤ በዚህ ግን የአንገትሽ አጥንት ሳይቀር ታየኝ። መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው? አባትሽን ብጠይቀው፣ «ስክሪኑ ራሱ ቀጭን ነው፣ ሰውንም ያቀጥናል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን እህል በወጉ አልቀመሰም።

ደክሞኛል፣ ልጄ። ታምመሽ እንደሆነ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ማታ ማታ ትኩስ ነገር ብዪ። ጌታ ከአጠገብሽ አይራቅ።

ነገ ትደውያለሽ ብለን እየጠበቅን ነው። አባትሽ አሁን አሮጌውን ስክሪን ከጓዳ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «ልጄ በዚህ ላይ ነው የምታምረው» አለኝና አዲሱን ታቅፎ ጓዳ ገባ። እንባውን እንዳላይ መሰለኝ፣ በሩንም ከውስጥ ዘጋው።