ያለ ፈቃድሽ የማይወጣው ጽሑፍ

ልጄ፣

የእናትሽ አዲስ ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት አለቀ። ገና አልወጣም።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽስ? ብርዱ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ደርበሽ ነው የምትወጪው? እኛ ደህና ነን። የእኔ ጉልበት ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። የእናትሽ አውራ ጣት ግን እንደነበረ ነው፤ ሐኪሙ መቀስ እንዳትይዝ ያላትን አላነሣላትም።

መቀሱን ካስቀመጠች በኋላ ምን ያህል ዝም እንዳለች በስልክ አልነገርንሽም። ስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፍና፣ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ "የለችም በል" ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለጀማሪዎች የብሎግ ትምህርት ተከፍቷል ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ብሎግ ምን እንደሆነ ስለማታውቅና የጠራቻት ነርስ ስለሆነች እናትሽ ለጣቷ ሕክምና መስሏት ነው የተከተለቻት።

ስትመለስ ብሎግ ምን እንደሆነ ለእኔ አስረዳችኝ። "አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሠራህበት ዓይነት ጋዜጣ ነው፤ ግን ጸሐፊዋም አዘጋጇም አዟሪዋም እኔ ነኝ" አለች። እኔስ ብላት፣ "አንተማ ሻይ ታፈላለህ" አለችኝ።

አሠልጣኟ ወጣት ናት። ምክሯ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ለጀማሪ ሪፖርተር ከምሰጠው ብዙ አይርቅም። የምታውቂውን አንድ ነገር ምረጪ፤ ርዕሱ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ይናገር፤ ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንሺ፤ የሰው ጽሑፍ አትገልብጪ። ከሁሉም በላይ ግን ለሕዝብ አትጻፊ፣ ለአንድ ሰው ጻፊ ትላለች። እናትሽ አንድ ሰው ምረጪ ስትባል ማንን እንደምትመርጥ መገመት አያቅትሽም። የመጀመሪያው ጽሑፏ "ልጄ፣ ዚፕ ሲበላሽ ልብሱን አትጣይ" ብሎ ይጀምራል።

እንዳርመው ሰጠችኝ። የጋዜጣ ልማዴ ይዞኝ "ልጄ" የሚለውን ሰረዝኩ፤ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብዬ። ከግርጌም ሁለት አንቀጽ ቆረጥኩ። ለምን ስትለኝ "ቦታ አይበቃም" አልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችና "የቱ ጋ ነው የጠበበው? እስቲ አሳየኝ" አለች። የቆረጥኩትን ሁሉ መለሰችው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የፊደል ግድፈት ብቻ እንድለቅም ተፈቅዶልኛል።

"ልጄ" የሚለውን መመለሷ ምን እንዳመጣ ልንገርሽ። አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች ከጽሑፉ ሥር "እማዬ" እያሉ መጻፍ ጀመሩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በገዛ እጁ ያዳነውን የጃኬቱን ዚፕ ፎቶ አንሥቶ "እማዬ፣ ይኸው ተዘጋ" ብሎ ላከላት። እሷ ለእያንዳንዱ በግራ እጇ አንድ ጣት ፊደል እየለቀመች ትመልሳለች። አንሶላው ከስፌት መኪናዋ ተነሥቷል፤ ኮምፒዩተሩ እዚያ ላይ ነው። ደንበኛ ሲያንኳኳም "ግቡ፣ ግን ዛሬ የምትሰፉት እናንተ ናችሁ" ትላቸዋለች። ስሜ ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ "አባዬ" ብሎ የጻፈልኝ አንባቢ አልነበረም። ዳቦ ሻጩ ድሮ እሷን "የጋዜጠኛው ሚስት" ይላት ነበር፤ አሁን እኔን "የብሎገሯ ባል" ይለኛል። አቤት እላለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ።

አሁን ወደ አዲሱ ጽሑፍ ልምጣ። ትምህርት ቤት ሳለሽ አንድ ክረምት እንደ ሸንበቆ ተመዘዝሽና የዩኒፎርም ቀሚስሽ አጠረ። እናትሽ የጠርዙን እጥፋት ፈትታ አስረዘመችው። ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ግን እንደ ሌላው ስላልደበዘዘ መስመሩ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። ልጆቹ ሳቁብሽ። ቤት ገብተሽ "ምነው ሌላ እናት በሰጠኝ" አልሻት። በማግሥቱ መስመሩ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰፍቶበት ለበስሽው፤ ሳምንት ሳይሞላ የክፍልሽ ሴቶች ጥብጣብ በጥብጣብ ሆነው የእናትሽን ስፌት ቤት አጨናነቁት።

ጽሑፉ የሚያስተምረው የጥብጣቡን አሰፋፍ ነው። ያንን ቃልሽን ግን እንዳለ አስገብታዋለች። ቂም ይዛ አይደለም፤ "ያን ባልሰማ ኖሮ ጥብጣቡን አላስበውም ነበር" ትላለች። አንብቤዋለሁ። አንዲት ቃል አልሰረዝኩም። ስንት ጽሑፍ በእጄ አልፏል፤ ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ታዲያ አውጪው ስላት "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ የእሷ ነው፤ ሳትፈቅድ አይወጣም" አለች። ያለ ቃሉ ይውጣ ብላት "ያለ እሱማ ጥብጣብ ብቻ ነው" አለችኝ። ልደውልላት ስልም "በስልክ እንዳይከፋኝ ብላ እሺ ትላለች፤ አንብባ፣ አስባ ትጻፍልኝ" ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ጽሑፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በኢሜይል ልኬልሻለሁ። እኔ አላባብልሽም። እምቢ ብትዪ የሚቀየምሽ የለም፤ በምትኩ የሚወጣ ስለ ቁልፍ አተካከል የሚያወራ ጽሑፍ አዘጋጅታለች።

ወንድምሽና ሚስቱ በጣም ናፍቀሽናል ይላሉ። ትንሿ ልጃቸው ጥርሷ መውለቁን ንገሩልኝ ብላለች፤ በፎቶ ካልሆነ አታምንም ብላም አፏን ከፍታ ተነሥታለች። ነርሷ ጎረቤታችን ጉንጭሽን ሳሙልኝ ብላለች፤ ሐኪም ያልቻለውን እኔ አዳንኩ እያለች ሰፈሩን አስቸግራለች። እናትሽ አጠገቤ ቆማ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ እያነበበች ነው፤ ሰላምታዋን ራሷ እንደምትጽፍ ነግራኛለች።

ጽሑፎቿን የምታወጣው እሑድ ጠዋት ነው። መልስሽን እስከ ቅዳሜ ማታ እንጠብቃለን።

አባትሽ
ከቤት፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ
ማክሰኞ፣ መጋቢት 12