«አምስት ቀንሱ» ስለሚባልለት የአጥንት መለኪያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ፤ ሐኪም ቤት ከመተኛትም ይሰውርዎ፣ በተለይ ከራስዎ ሐኪም ቤት።

እኔ ቀያሽ መሐንዲስ ነኝ። የስፖርት መምህርት የሆነችው ልጄ የተበጠሰ የጉልበት ጅማቷን እርስዎ ዘንድ አስጠግና ነበር። ሐኪሙ ከጭኗ ጅማት ወሰደ፤ አጥንቷን በሳ፤ የጉድጓዱን ጥልቀት በቀጭን የብረት መለኪያ ለካና ጅማቱን በዚያው ልክ አዘጋጅቶ አስገባላት። መለኪያው ሠላሳ ሚሊሜትር አለ፤ ጉድጓዱ ግን ሃያ አምስት ነበር። ስለዚህ ጅማቱ ሳይወጠር ከጉድጓዱ መጨረሻ ደርሶ ረግቦ ቀረ። ዛሬ ልጄ ደረጃ ስትወርድ «አባዬ፣ እግሬ እኮ ሳላዘው ይታጠፋል» ትለኛለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. የመለኪያው ጫፍ አምስት ሚሊሜትር ያህል ተሰብሮ መክረሙን ስላልደበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። የቀዶ ጥገና ክፍል ኃላፊዋ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው «ጋሼ፣ እኛ እኮ አምስት ቀንሰን ነው የምንሠራው፤ ሁሉም ያውቃል» ብለውኛል። ከዚህ «ሁሉም» ውስጥ በዚያው ሳምንት ከሌላ ሆስፒታል የመጣው የልጄ ሐኪም እንደሌለበት የታወቀው ልጄ ከተሰፋች በኋላ ነው።

፪. እርስዎም «መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር አገልግሏል» ብለው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ጫፉ የተቆረጠ ሜትር ይዤ የሰው አጥር ብለካ ጎረቤትየው በዱላ ነው የሚያነጋግረኝ። አጥንት ግን ጎረቤት የለውም።

፫. ስለተደረገው «ልዩ ጥንቃቄም» አመሰግናለሁ። ኃላፊዋ በኩራት አሳይተውኛል፦ የመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ «አምስት ቀንሱ» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። ሳጥኑ ጀርም እንዲሞትበት በእንፋሎት በተቀቀለ ቁጥር ፕላስተሩ እንደሚላቀቅ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ልጄ ረግቦ የቀረውን ጅማት ለማስተካከል በመጪው ሳምንት ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ተቀጥራለች፤ ያውም በዚሁ መለኪያ። የስምምነት ወረቀቱን አልፈረመችም፤ ወደፊትም አትፈርምም። «ተራሽ ያልፋል» ብላችኋታል። ይለፍ! ያ ስባሪ ከሳጥኑ ወጥቶ ሙሉ መለኪያ ሲተካ በዓይናችን ሳናይ እግሯን አትዘረጋላችሁም። ለሚቀጥለው ተረኛም፣ ከዚያ ለሚቀጥለውም፣ ወረፋው ላይ ቆሜ እነግራለሁ። ወዳጆቼ «ተው፣ ከሐኪም ጋር አይጣሉም» ይሉኛል። እኔ ከሐኪም አልተጣላሁም፤ የተጣላሁት መሰበሩን እያወቀ «ቀንሱ» ከሚል አለቃ ጋር ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከተናገርኩት አንዳች ሳልቀንስ፣
የታካሚዋ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ቅሬታዋን በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ወደ ቢሮዎ ስለጠሯት እጅግ አመሰግናለሁ። ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩም ተበላሽቷል። ልጄ ምድር ቤት፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቅዎታለች። ይውረዱ።